በየካቲት ከሙኒክ ሮም በባቡር፣ ከሁለት ልጆች ጋር፦ ምክራችሁን እፈልጋለሁ

የሙኒኳ እናት | ኅዳር 6፣ 2018

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የምንኖረው ሙኒክ ነው። ሁለት ልጆች አሉን። ሴቷ 12 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 8። የፋሺንግ (የካርኒቫል ሰሞን) የትምህርት ቤት ዕረፍት ሲመጣ ሮም ልንወስዳቸው አስበናል፣ በባቡር። ልጁ አውሮፕላን ላይ ጆሮውን በጣም ያመዋል። ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ስንሄድ ገና ከማረፋችን በፊት ማልቀስ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የወረድነው። ባለቤቴ ደግሞ በበረዶ ወቅት አልፕስን በመኪና መሻገር አይፈልግም።

ወሩን የመረጥነው አቅማችንን አይተን ነው። በሐምሌና በነሐሴ የሮም ሆቴል ዋጋ አይቀመስም። ሙቀቱም ልጅ ይዞ ለመዞር አይሆንም። ለየካቲት ያየኋቸው ማረፊያዎች ግን በጣም ይቀንሳሉ።

ግራ የገባኝ ይሄ ነው። ቀን እንሂድ ወይስ በሌሊት ባቡር? መንገድ ላይ አንድ ሌሊት እንደር ብንል የት ይሻላል? ደግሞ ዘንድሮ ዐቢይ ጾም የሚገባው የካቲት 9 ሰኞ ነው፣ ልክ ዕረፍቱ በሚጀምርበት ቀን። እኔና ባለቤቴ እንጾማለን። ሮም ላይ ምን እየበላን እንሰነብታለን? የኔና የባለቤቴ ፓስፖርት የኢትዮጵያ ነው፣ የልጆቹ የጀርመን። በዚህ መንገድ የሄደ ካለ እባካችሁ አካፍሉኝ።

ባቡር ወዳጅ (ኑረንበርግ) | ኅዳር 6

እህቴ፣ ጥሩ አስበሻል። እኔ ሦስት ልጆች ይዤ በዚያ መስመር ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።

መጀመሪያ የትምህርት ቤቱን ነገር ልንገርሽ። ዓርብ ዕለት ልጆቹን አስቀርተሽ ርካሽ ቲኬት ለመያዝ እንዳታስቢ። ጀርመን ውስጥ ልጅን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ማስቀረት ያስቀጣል። እዚህ ባየርን ከዕረፍት በፊት ባሉት ቀናት ፖሊስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተማሪ ይዘው የሚሄዱ ወላጆችን ጠይቆ ያውቃል። ደግሞም አያስፈልግሽም። ቅዳሜ የካቲት 7 ጠዋት ብትነሱ እስከሚቀጥለው እሑድ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አላችሁ።

መንገዱን በቀን እዩት። ከሙኒክ የሚነሳው ዩሮሲቲ የሚባለው ድንበር ተሻጋሪ ባቡር በኩፍሽታይን፣ በኢንስብሩክ አድርጎ የኦስትሪያና የጣሊያን ድንበር የሆነው ብሬነር ላይ ይወጣል። ጣቢያው ከባሕር ወለል 1,371 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በቦልዛኖና በትሬንቶ ወርዶ ቬሮና ይደርሳል። እስከ ቬሮና አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው። አንዳንዱ ባቡር ቦሎኛ ድረስ ይቀጥላል። ልጆቼ ከኢንስብሩክ እስከ ብሬነር ድረስ አፍንጫቸውን ከመስኮቱ አላነሱም። ይሄን በሌሊት ተኝቶ ማለፍ ያሳዝናል።

አሁን ያጠፋሁትን ልንገርሽ፣ አንቺ እንዳትደግሚው። በመጀመሪያው ጉዞ ቲኬቱን ለሁለት ከፍዬ ገዛሁ። አንዱ እስከ ቬሮና፣ ሌላው ከቬሮና ሮም። በመሀል የነበረኝ 25 ደቂቃ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ባቡር 50 ደቂቃ ዘገየ። ሁለተኛው ቲኬት ለዚያ ባቡር ብቻ የሚያገለግል ስለነበር ተቃጠለብን። ለአምስት ሰው እንደ አዲስ ከፈልን። ትንሿ ልጄ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ «አባዬ፣ ሮም ተሰረዘ?» ያለችኝ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቲኬቱን በአንድ ላይ ግዢ። በአንድ ላይ ከሆነ መንገድ ላይ ሲዘገይ ኃላፊነቱ የባቡር ድርጅቱ ነው። የግድ ለየብቻ ከገዛሽ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ክፍተት ተዪ። አንድ ሰዓት ከዘገየ የቲኬቱን ዋጋ 25 በመቶ፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ 50 በመቶ የማስመለስ መብት እንዳለሽም እወቂ። ደረሰኝና ቲኬት አትጣዪ።

ሽቱትጋርት | ኅዳር 7

ይቅርታ፣ እኔ ግን አልስማማም። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሙሉ ቀን ባቡር ላይ ልጅ ማስቀመጥ ልጁንም ወላጁንም ማድከም ነው። የጆሮውን ነገር ሐኪም ብታሳዪው አይሻልም?

የሙኒኳ እናት | ኅዳር 7

ሐኪም አይቶታል። ሲያድግ ይተወዋል ነው ያለን። እስከዚያ ላስጨንቀው አልፈልግም። ደግሞ ልጆቹ መንገዱን ራሱን እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ሀገር ከሀገር ሲቀየር፣ በረዶው ሲያልቅ፣ የወይን ማሳው ሲጀምር።

የፍራንክፈርት አባት | ኅዳር 7

በሂሳቡ ልርዳሽ።

ብዙ ሰው «ኢንተርሬል ግዙ» ይላችኋል፣ በብዙ የአውሮፓ ሀገር ባቡሮች ላይ የሚያገለግለውን አንድ ቲኬት። ኢንተርሬል ላይ ከ4 እስከ 11 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳል፣ ለአንድ አዋቂ ሁለት ልጅ። ያንቺ ሴት ልጅ ግን 12 ስለሞላች እንደ ወጣት ትከፍላለች። ያን ጊዜ ሂሳቡ ይለወጣል። በምትኖሪበት ሀገር ውስጥ ደግሞ የሚያገለግለው ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው። ጣሊያን ውስጥ ፈጣኑ ፍሬቻሮሳ ላይ ለመቀመጫ ለየብቻ 13 ዩሮ ያስከፍላል። ኢታሎ የሚባለው የግል ባቡር ጭራሽ አይቀበለውም። ብዙ ከተማ ለሚዞር ሰው ያዋጣል። ሄዶ ለመመለስ ብቻ ከሆነ ቀድመሽ የምትገዢው ቅናሽ ቲኬት ይሻልሻል።

የጀርመን ባቡር ላይ ከ6 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂ ጋር በነጻ ይሄዳሉ፣ ግን ስትገዢ ቲኬቱ ላይ መመዝገብ አለባቸው። ድንበር ለሚሻገር ቲኬት ልጆቹን አስገብተሽ ዋጋውን እዪው። ጣሊያን ውስጥ «ቢምቢ ግራቲስ» የሚባል አለ። ከ15 ዓመት በታች ያሉት በነጻ ይሄዳሉ፣ አዋቂው ግን ሙሉውን መደበኛ ዋጋ ይከፍላል። አንዳንዴ ለአራቱም ቅናሽ ቲኬት መግዛት ከዚያ ይረክሳል። ሁለቱንም አወዳድሪ።

መቀመጫ አስይዢ። የቤተሰብ ማስያዣ የሚባለው ካለፈው ሰኔ ጀምሮ ቀርቷል፣ አሁን ለእያንዳንዱ ሰው ይከፈላል። ቢሆንም አስይዢ። ጠረጴዛ ያለው አራት መቀመጫ ፊት ለፊት። ልጅ ይዞ ስድስት ሰዓት ጠረጴዛ ማጣት ከባድ ነው።

ቬሮና ነኝ | ኅዳር 8

የካቲት ላይ ነው ያልሽው አይደል? አንድ ነገር እንዳትዘነጊ። የሚላኖና የኮርቲና የክረምት ኦሎምፒክ በፈረንጆቹ ከፌብሩዋሪ 6 እስከ 22 ነው። መዝጊያው እዚሁ ቬሮና፣ አሬና በሚባለው የጥንት ሮማውያን ስታዲየም ውስጥ ነው። ለኛ ሰሜን ጣሊያን ዘንድሮ የካቲት የጸጥታ ወር አይደለም። ሆቴል ከወዲሁ እየተያዘ ነው። በብሬነር በኩል የሚመጣውም ሰው ይበዛል። ስለዚህ ቬሮና አትደሩ። ቦሎኛ ዝለቁ።

ቦሎኛ ለልጅ ትመቻለች። መንገዶቿ በቅስት የተሸፈኑ ናቸው። በከተማዋ ያለው በረንዳ በጠቅላላ 62 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ ዩኔስኮም መዝግቦታል። ቢዘንብ እንኳ ልጆቹ ሳይረጥቡ ይዞራሉ። በማግስቱ ሮም በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። እሑድ የካቲት 8 ደግሞ ቅበላ ነው። ቅዳሜ ማታ ቦሎኛ ላይ ታሊያቴሌ በራጉ (ፓስታ በሥጋ ስጎ) ብሉ። ከተማዋ የምትታወቀው በሱ ነው።

የሥራ ማቆም አድማም አለ፣ እኛ ሾፔሮ እንለዋለን። ሳይታሰብ አይመጣም፣ ቀኑ ቀድሞ ይነገራል። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት አዩት። በሥራ ቀን አድማ ሲሆን የክልል ባቡሮች ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ ከምሽቱ ደግሞ ከ12 እስከ 3 ሰዓት መሥራት አለባቸው። የክልል ባቡር የወረቀት ቲኬት ከያዛችሁ ሳትሳፈሩ ማሽኑ ላይ አስመቱት። ካላስመታችሁ ትቀጣላችሁ።

ሰማያዊ ፓስ | ኅዳር 9

እኔ ስለ ወረቀት ልናገር። ፓስፖርትና የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ ሁለቱንም ያዙ። ሁለቱም ጊዜያቸው ያላለፈ ይሁን። ጀርመን ከ2024 መስከረም ጀምሮ በሁሉም የየብስ ድንበሯ ላይ ትፈትሻለች። ከጣሊያን ስመለስ ሮዘንሃይም ላይ ፖሊሶች ፉርጎው ውስጥ ገቡ። ካርዱን አሳየሁ፣ ፓሱን ጠየቁኝ። ፓሱ ላይኛው መደርደሪያ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ልብስ ሳወጣ ልጄ ፈርታ እጄን ያዘች። ምንም ችግር አልነበረም፣ ግን ልጅ ፊት እንዲህ መሆን አያስፈልግም። በአንገት የሚንጠለጠል ቦርሳ ውስጥ አድርጊው።

የልጆቹን ፓስ ቀን እዩት። ጀርመን የድሮውን የልጆች ፓስ ከ2024 ጥር ጀምሮ መስጠት አቁማለች። ያለቀበት ካለ መደበኛ ፓስፖርት ወይም መታወቂያ ነው የሚወጣለት፣ ሳምንታት ይፈጃል። ይሄን ለሚያነቡ ሌሎችም፦ የጥገኝነት ጉዳያቸው ያላለቀ፣ በጌሽታቱንግ ያሉ ሰዎች ከጀርመን አይውጡ። ፊክሲዮን ወረቀት (የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪወሰን የሚሰጠው ጊዜያዊ ወረቀት) ብቻ ያላችሁ ደግሞ የውጭ ዜጎችን ቢሮ ሳትጠይቁ ቲኬት አትግዙ። አንድ ወላጅ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ከሌላኛው የተፈረመ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝ ይጠቅማል።

የሮም ሰው | ኅዳር 10

ሮም ሃያ ዓመት ኖሬያለሁ። ነይ እህቴ፣ ወሩን አውቀሽበታል። ዓመቱን ሙሉ በኢዮቤልዩው፣ በካቶሊኮች ቅዱስ ዓመት ምክንያት ከተማው መግቢያ መውጫ አጥቶ ነበር። እሱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 6፣ በኛ ገና ዋዜማ ያልቃል። የካቲት ላይ ቀን 13 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ወፍራም ጃኬት ሳይሆን የሚደራረብ ልብስ ያዢላቸው።

ስለ ጾሙ አትጨነቂ። ሮም ለጾመኛ ትመቻለች። ፒሳ ማሪናራ በይ። ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ነው፣ አይብ የለውም። ፎርኖ የሚባሉት ዳቦ ቤቶች ፒሳ ቢያንካ ይሸጣሉ፣ ዘይትና ጨው ያለው ትኩስ ዳቦ። ልጆችም ይወዱታል። በዚያ ወር ካርቾፊ የሚባለው አትክልት ወቅቱ ነው፣ የአይሁድ ሠፈር ውስጥ በዘይት ጠብሰው እንደ አበባ ከፍተው ያቀርቡታል። ፓስታ ኤ ቼቺ የሚባል የሽምብራ ፓስታም አለ። እሱን ስታዢ ሥጋ ወይም ዓሣ ገብቶበት እንደሆነ ጠይቂ። «ሴንሳ ፎርማጆ» ማለት «ያለ አይብ» ነው። እሱን ቃል ለልጅሽ አስጠኚው፣ እሱ ይዘዝላችሁ። እንጀራ ካማራችሁ ዋናው ባቡር ጣቢያ ቴርሚኒ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤት አታጡም።

ውሃ አትግዢ። ናሶኒ የሚባሉ የመንገድ ቧንቧዎች ከ2,000 በላይ አሉ፣ ቀን ከሌት ይፈሳሉ። ከቧንቧው ጫፍ በታች ጣት ስትደግኚ በላይ ባለችው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይፈናጠራል። ልጆች ይሄን ካወቁ መሄድ አይፈልጉም። ኮሎሴዮ ከ18 ዓመት በታች ነጻ ነው፣ ግን ለነሱም ቲኬት መያዝ አለበት። ስም ይጻፍበታል፣ መታወቂያም ይጠየቃል። አውቶቡስና ሜትሮ ላይ እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ከአዋቂ ጋር አይከፍልም።

በቀን ከሁለት ቦታ በላይ አትያዙ። ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ። በመሀል ቪላ ቦርጌዜ ፓርክ ሄደው ይሩጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐሙስ የካቲት 12 ሮም ናችሁ ማለት ነው። እኔ በዚያን ቀን ሁልጊዜ ወደ ቺርኮ ማሲሞ እሄዳለሁ። ፋኦ (የተመድ የምግብና የእርሻ ድርጅት) ሕንፃ ፊት የአክሱም ሐውልት ቆሞ የነበረበት ቦታ አለ። በፈረንጆቹ 1937 አምጥተው የተከሉት፣ በ2005 የተመለሰልን። ዛሬ እዚያ ሁለት የጥንት ዓምዶች ቆመዋል።

የኤርፈርቱ ተማሪ | ኅዳር 11

ለ12 ዓመቷ ልጅ አንድ ታሪክ አለኝ። ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ የኛ መነኮሳት የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የኛ ሰው በፈረንጆቹ 1649 እዚያ አንድ ወጣት ጀርመናዊ ተዋወቁ፣ ሂዮብ ሉዶልፍን። በ1652 አልፕስን ተሻግረው እሱ ጋር ጀርመን፣ ጎታ ከተማ መጡ። ሉዶልፍ በኋላ ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከሳቸው በተማረው ላይ የቆመ ነው። ልጅሽ ቤት አማርኛ፣ ትምህርት ቤት ጀርመንኛ የምትናገር ከሆነ ታሪኩ የሷም ነው። ተራራውን ስታልፉ ንገሪያት።

የምድር ባቡር ጡረተኛ (አዲስ አበባ) | ኅዳር 12

ልጄ፣ እኔ ከለገሃር ድሬዳዋ ስመላለስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጅ ባቡር ላይ የሚያስቸግረው ሥራ ሲያጣ ነው። እኛ ጋ የለመዱ እናቶች ምን ያደርጉ ነበር መሰለሽ? የጣቢያዎቹን ስም በወረቀት ጽፈው ለልጁ ይሰጡታል። አቃቂ፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ ሚኤሶ፣ አፍደም፣ ኤረር። ባለፈ ቁጥር ይሰርዛል። ድሬዳዋ ሲደርስ ወረቀቱን ኪሱ ይከተዋል። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ስንቁንም ከፋፍለሽ ቋጥሪ። ሁሉንም ጠዋት ከፈታሽው እኩለ ቀን ላይ ባዶ እጅሽን ነሽ።

ሮም ስትደርሱ ደግሞ ከቴርሚኒ ወጣ ብላችሁ የዶጋሊን ሐውልት ለልጆቹ አሳዩልኝ። ቅርብ ነው፣ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ። በፈረንጆቹ 1887 ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ለደመሰሷቸው ወታደሮች ያቆሙት ነው። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ» የሚባለው በነሱ ነው። ከለገሃር ፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ታውቂዋለሽ? በፈረንጆቹ 1930 ለንግሥ በዓሉ የቆመው? ጣሊያን ነቅሎ ወስዶ ከዚያ ሐውልት ሥር አድርጎት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በ1938 ጎራዴ የመዘዘው እሱ ፊት ነው ተብለን ነው ያደግነው። አንበሳው በ1960ዎቹ በፈረንጆቹ ተመለሰ። ከባቡር ጣቢያ ተነስቶ ባቡር ጣቢያ ደርሶ የመጣ አንበሳ ነው። እኔ ዛሬም በፊቱ አልፋለሁ። ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፣ ለልጆቹ አሳዪያቸው።

የሙኒኳ እናት | ኅዳር 12

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፎቶውን እጠብቃለሁ። የጣቢያዎቹን ዝርዝር ልጄ ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሯል። ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቲኬት ስገዛ እነግራችኋለሁ።

የሙኒኳ እናት | ኅዳር 20

ገዛሁ! ስንሄድ በቀን፣ ቦሎኛ አድረን። ስንመለስ ዓርብ ማታ ከሮም በሌሊት ባቡር፣ ለአራታችን አንድ ክፍል አራት አልጋ። ሲሄዱ መንገዱን ያያሉ፣ ሲመለሱ ደክሟቸው ይተኛሉ ብዬ ነው።

የሙኒኳ እናት | የካቲት 17

ተመልሰናል፣ በሰላም። ቃል ስለገባሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ባቡሩ 20 ደቂቃ ዘግይቶ ነው የተነሳው። ቦሎኛ ስለምናድር ግድ አልሰጠንም። ልጁ ዝርዝሩን ይዞ መስኮት ጋ ተቀመጠ። ከብሬነር በኋላ ግራ ገባው። ጣቢያው ላይ ሁለት ስም ተጽፏል። ብሪክሰንና ብሬሳኖኔ። ቦዘንና ቦልዛኖ። «የቱን ልሰርዝ?» አለ። እህቱ «ሁለቱም ስሙ ነው፣ አንተም ቤትና ትምህርት ቤት የምትጠራበት ስም ሁለት አይደል?» አለችው። ከዚያ ሁለቱንም እየጻፈ ሁለቱንም ሰረዘ። የአባ ጎርጎርዮስን ታሪክ ብሬነር ላይ ነገርኳት። በረዶው እስከ ጣቢያው ጣሪያ ተቆልሎ ነበር። «በእግራቸው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሮም እስክንደርስ ስትጠይቀኝ ነበር።

ስንቁን እንደተባልኩት በአራት ቋጠሮ ከፋፈልኩት። አምባሻ፣ ቆሎ፣ ብርቱካን፣ የተቀቀለ ዕንቁላል። አንዱን ቋጠሮ የፈታነው ቦሎኛ ልንገባ ስንል ነው።

ጾሙ አልከበደንም። ልጄ «ሴንሳ ፎርማጆ» እያለ በየሄድንበት ያዛል፣ አስተናጋጆቹም ወደዱት። የደከመን ረቡዕ ብቻ ነው። ሦስት ቦታ ይዤ ነበር፣ ምክራችሁን ረስቼ። ልጁ ጎዳና ላይ ቁጭ ብሎ አልሄድም አለ። ሦስተኛውን ተውነው፣ ናሶኔ ፈልገን በውሃው ሲጫወት አመሸን።

የሌሊት ባቡሩ ጥሩ ነበር። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ጠዋት ዳቦ ከማርማላታ ጋር፣ ሻይ። ቅቤውን ለልጆቹ ሰጠን። ልጁ የላይኛውን አልጋ ይዞ እስከ ጠዋት አልተነቃነቀም፣ ጆሮውንም አላመመውም። ድንበር ላይ ፓሶቹ አንገቴ ላይ ነበሩ።

ሐሙስ የካቲት 12 ጠዋት ወደ ዶጋሊ ሐውልት ሄድን። ዛፍ መሀል ነው፣ ሰው አልፎት ይሄዳል። ልጁ የጋሼን ፎቶ ስልኬ ላይ ከፍቶ ሐውልቱ ሥር ዞረ። «አንበሳው በየት በኩል ነበር?» አለ። ከዚያ ስልኩን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ አንበሳውን አቆመው። ትልቋ የተጻፉትን ስሞች ታነብ ነበር፣ ረጅም ነው ዝርዝሩ። የዚያን ቀን ጠዋት በኛ አቆጣጠር ስለ 1929ኙ የካቲት 12፣ አዲስ አበባ ላይ ስለሆነው ነግሬያት ነበር። ስታነብ ቆየችና ዞራ «የኛዎቹ ስምስ የት ነው የተጻፈው?» አለችኝ። ስድስት ኪሎ ሐውልት አለ አልኳት። እሷ ግን ስለ ስሞቹ ነበር የጠየቀችኝ።

የምድር ባቡር ጡረተኛ (አዲስ አበባ) | የካቲት 18

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተመለሳችሁ። ሐምሌ ላይ ስትመጡ ደውሉልኝ። ለገሃር አንበሳው ሥር እጠብቃችኋለሁ፣ በፒያሳ በኩል ስድስት ኪሎ ይዣቸው እወጣለሁ። ልጁ ያን የጣቢያ ወረቀቱን ይዞልኝ ይምጣ፣ ማየት እፈልጋለሁ።